አልከፍት ያለ ጌም፦ ፎርማት ከመደረጉ በፊት

አንድ ጌም አልከፍት ሲል ጅማ ውስጥ ቀድሞ የሚሰማው ምክር «ፎርማት ይደረግ» የሚል ነው። እኔም ኮምፒውተር መጠገን በጀመርኩበት ሰሞን ከዚህ የተለየ መልስ አልነበረኝም። የታናሽ ወንድሜ የእግር ኳስ ጌም አልነሳም ባለ ጊዜ ግማሽ ቀን ፈጅቼ ዊንዶውሱን እንደ አዲስ ጫንኩለት፤ ጌሙ ግን ከዚያ ሁሉ ልፋት በኋላ ያንኑ መልእክት መልሶ አወጣ። የጎደለው ከ30 ሜጋባይት የማይበልጥ አንድ ረዳት ፕሮግራም ሆኖ ተገኘ፤ እኔ ግን እዚያ ለመድረስ የሁለት ዓመት የጨዋታ ውጤቱን ደምስሼበታለሁ። ወንድሜ ይህን እስከ ዛሬ አልረሳልኝም።

ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል የተዘጋጀው በወጪ ነው፤ ዳታ የማይበላውና ምንም የማያጠፋው ይቀድማል፣ ትንሽ ዳታ የሚፈልገው ይከተላል፣ ጌሙን አጥፍቶ እንደገና መጫን መጨረሻ ላይ ይመጣል። 60 ጊጋባይት የሚመዝን ጌም በሞባይል ዳታ ዳግመኛ ማውረድ ለአብዛኞቻችን የማይታሰብ ነገር ነው። ጽሑፉ ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ለሚጠቀም ሰው የተጻፈ ነው።

ከሁሉ በፊት ኮምፒውተሩን «ሪስታርት» ያድርጉት። «ሻት ዳውን» ብሎ አጥፍቶ ማብራት ያው ይመስላል፤ ነገር ግን «ፋስት ስታርታፕ» የሚባለው አሠራር በርቶ ከሆነ ዊንዶውስ ሲጠፋ የውስጥ ሁኔታውን ዲስክ ላይ አስቀምጦ ሲበራ መልሶ ስለሚያነሳው፣ የተበላሸውም ነገር አብሮ ሊነሳ ይችላል። «ሪስታርት» ግን ሁሉንም ከዜሮ ያስጀምራል።

ችግሩ ከቀጠለ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የሚባሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ተጭነው «ታስክ ማናጀር»ን ያውጡ፤ ከዚያም «ዲቴይልስ» የሚለውን ገጽ እያዩ ጌሙን ይክፈቱ። የጌሙ ስም ብቅ ብሎ በሁለት ሦስት ሰከንድ ከጠፋ ጌሙ ተነስቶ ወድቋል ማለት ነው። ስሙ ዝርዝሩ ውስጥ እንዳለ ሆኖ መስኮቱ የማይታይ ከሆነ ቀድሞ በደንብ ሳይዘጋ የቀረ ሊሆን ስለሚችል «ኢንድ ታስክ» ብለው ያስቁሙትና እንደገና ይሞክሩ። ስሙ ጭራሽ ካልታየ ግን ብዙውን ጊዜ ወይ ፋይሉ የለም፣ ወይ አንቲቫይረስ ይዞታል።

ቀጥሎ ቀኑን ይመልከቱ። ይህ እጅግ ቀላል ስለሆነ ብዙ ሰው ይዘለዋል። አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ባመጣው ዴስክቶፕ ላይ የጌሙ ላውንቸር (ጌሙን የሚያስነሳው ፕሮግራም) «ኮኔክሽን የለም» እያለ ይዘጋ ነበር፤ ዋይፋዩ ግን ተገናኝቷል። ድራይቨሩን (ዊንዶውስ የኮምፒውተሩን ክፍል የሚያሠራበትን ፕሮግራም) ስመረምር ቆይቼ ዓይኔ ከስክሪኑ ታች በስተቀኝ ወዳለው ቀን ሲሄድ ዓመቱ 2017 ይላል። ለካ ቀኑ ሲጠፋበት በእኛው አቆጣጠር አስተካክሎት ኖሯል። ለኛ ትክክል ነበር፤ ለኮምፒውተሩ ግን ስምንት ዓመት ወደኋላ መሄድ ነው። ላውንቸሩ በኢንተርኔት ከጌሙ ድርጅት ኮምፒውተር ጋር ሲገናኝ ሰርተፊኬት የሚባል ዲጂታል መታወቂያ ይጠይቃል፤ መታወቂያው ላይ የሚያገለግልበት ጊዜ ስለተጻፈበት፣ ወደኋላ የቀረው ኮምፒውተር «ይህ ገና አልተሰጠም» ብሎ ይጥለዋል። መፍትሔው «ሴቲንግስ» ውስጥ «ታይም ኤንድ ላንጉዌጅ» ገብቶ ሰዓቱ በራሱ እንዲስተካከል ማድረግና የሰዓት ክልሉን ናይሮቢ ላይ ማድረግ ነው፤ አዲስ አበባ በዝርዝሩ ውስጥ ስለሌለች አይፈልጓት። ዴስክቶፑ ከሶኬት በተነቀለ ቁጥር ቀኑ የሚጠፋ ከሆነ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር2032 የምትባል ክብ ባትሪ አልቃለችና መቀየር አለባት።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ጌሙ ሲወድቅ በስተመጨረሻው «ዲኤልኤል» (ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት ረዳት ፋይል) የሚል የፋይል ስም ጠቅሶ መልእክት ካወጣ፣ «ኦኬ» ብለው ከመዝጋትዎ በፊት በስልክዎ ፎቶ ያንሱት። ስሙ በ«ቪሲራንታይም140» ወይም በ«ኤምኤስቪሲፒ140» የሚጀምር ከሆነ የጎደለው የማይክሮሶፍት «ቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ ሪዲስትሪቢዩተብል» ነው፤ ወንድሜ ኮምፒውተር ላይ የጠፋውም ይኸው ነበር። ከ2015 እስከ 2022 ያሉትን እትሞች የሚያጠቃልለው አንዱ ጥቅል ይበቃል፤ ነገር ግን «ኤክስ64» (ባለ64 ቢት) እና «ኤክስ86» (ባለ32 ቢት) የሚባሉ ሁለት ዓይነት ስላለው፣ ዊንዶውሱ ባለ64 ቢት ቢሆንም እንኳ ሁለቱንም ኢንስቶል ያድርጉ። ላውንቸሩ ባለ32 ቢት፣ ጌሙ ባለ64 ቢት የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ስሙ በ«ዲ3ዲኤክስ9» የሚጀምር ከሆነ ደግሞ የጎደለው የድሮው ዳይሬክትኤክስ፣ ማለትም ጌሞች ምስልና ድምፅ ለማውጣት የሚጠቀሙበት የማይክሮሶፍት ፕሮግራም ነው። «ዊንዶውስ 10 ዳይሬክትኤክስ 12 እያለው እንዴት 9 ይጎድለዋል?» የሚል ጥያቄ በየጊዜው ይቀርብልኛል። አዲሱ እትም የድሮዎቹን ጌሞች ዋና ሥራ ያሠራል፤ እነዚያ ጌሞች ይጠቀሙባቸው የነበሩትን ትናንሽ ረዳት ፋይሎች ግን ይዞ አይመጣም። ማይክሮሶፍት በጁን 2010 ያወጣው የዳይሬክትኤክስ ጥቅል ይህንን ይሞላል፤ መጠኑ ወደ 96 ሜጋባይት ነው። ልብ ይበሉ፤ ይህ ጥቅል ሲከፈት በመጀመሪያ ፋይሎቹን የት ላውጣ ብሎ ፎልደር ይጠይቃል፣ ካወጣ በኋላም ዝም ብሎ ይዘጋል። አለቀ ብለው እዚህ ላይ የሚያቆሙ ብዙዎች ናቸው። ሥራው የሚጀምረው ፋይሎቹ የወጡበት ፎልደር ውስጥ ገብተው «ዲኤክስሴታፕ» የሚለውን ሲከፍቱ ነው። ምንም ከማውረድዎ በፊት ግን የጌሙን ፎልደር ይፈትሹ፤ ብዙ ጌሞች «ሪዲስት» ወይም «ኮመንሪዲስት» በሚል ፎልደር ውስጥ እነዚህን ረዳቶች ይዘው ስለሚመጡ አንድም ሜጋባይት ላያስወጣዎ ይችላል።

የጠፋውን ዲኤልኤል ብቻውን ከማይታወቅ ድረ ገጽ አውርዶ ሲስተም ፎልደር ውስጥ መጣልን በፍጹም አልመክርም። ቫይረስ ከማምጣቱ ሌላ፣ ባለ64 ቢቱ ጌም ባለ32 ቢት ፋይል ሲያገኝ መጨረሻው «7ቢ» የሆነ ረጅም ቁጥር የያዘ አዲስ መልእክት አውጥቶ ይቆማል። ስሞቹም ያሳስታሉ፤ ባለ64 ቢት ዊንዶውስ ላይ «ሲስተም32» የሚባለው ፎልደር የሚይዘው ባለ64 ቢቶቹን ነው፤ ባለ32 ቢቶቹ ያሉት «ሲስዋው64» ውስጥ ነው። ማን እንዲህ እንደሰየመው ባስብም አይገባኝም።

ጌሙ ያለ ምንም መልእክት ከወደቀስ? ዊንዶውስ ግን መዝግቦታል። የስታርት ምልክትን በቀኝ ክሊክ ተጭነው «ኢቬንት ቪወር»ን ይክፈቱ፤ «ዊንዶውስ ሎግስ» ከዚያም «አፕሊኬሽን» ውስጥ ይግቡ። ጌሙ በወደቀበት ደቂቃ የተመዘገበ፣ ቀይ ምልክት ያለበትና ቁጥሩ 1000 የሆነ መስመር ይፈልጉ። ከሥሩ «ፎልቲንግ ሞጁል ኔም» ከሚለው ጎን የተጻፈው ስም ሲወድቅ የነበረውን ክፍል ያመለክታል። ስሙ በ«ኤንቪ» የሚጀምር ከሆነ የኤንቪዲያ ግራፊክስ ድራይቨርን፣ በ«ኤቲአይ» የሚጀምር ከሆነ የኤኤምዲን ይጠርጥሩ።

አንቲቫይረሱን በተመለከተ «ዊንዶውስ ሴኩሪቲ» ውስጥ «ፕሮቴክሽን ሂስትሪ» የሚለውን ይመልከቱ፤ የጌሙ ፋይል ተይዞ ከሆነ እዚያ ይታያል። ጌሙ ከታወቀ መደብር የተገዛ ከሆነ «ሪስቶር» ብሎ መመለስ ይቻላል። ከእጅ ወደ እጅ በፍላሽ የዞረ ክራክ (ሳይገዛ እንዲሠራ መቆለፊያው የተሰበረ ጌም) ከሆነ ግን አንቲቫይረሱን አጥፍቶ ማስነሳት ቤትን ከፍቶ መተኛት ስለሆነ እኔ አላደርገውም፤ ለደንበኛም አላደርግም።

ስለ ፍላሽ ካነሳን፣ ከጓደኛ ወይም ከጌም ቤት የተቀዳ ጌም ብዙ ጊዜ የማይነሳው በቅጂው ጉድለት ነው። «ፋት32» በሚባለው አሠራር የተዘጋጀ ፍላሽ 4 ጊጋባይት የሚሞላ ነጠላ ፋይል አይቀበልም፤ ፍላሹ 64 ጊጋባይት ቢሆንም ያው ነው። ቅጂው ላይ መልእክት ሲወጣ «ስኪፕ» ብሎ ማለፍ ደግሞ ዋናውን ፋይል ትቶ መሄድ ነው። ሁለቱን ፎልደሮች በቀኝ ክሊክ «ፕሮፐርቲስ» ከፍተው የፋይሎቹን ቁጥርና መጠን ያነጻጽሩ። ፍላሹን በ«ኤክስፋት» ማዘጋጀት ችግሩን ያስወግደዋል፤ በላዩ ያለው ሁሉ እንደሚጠፋ ግን አስቀድመው ይወቁ።

ግራፊክሱን ለማየት ዊንዶውስና «አር» የሚለውን ቁልፍ ተጭነው፣ በእንግሊዝኛ ፊደላት ዲ፣ ኤክስ፣ ዲ፣ አይ፣ ኤ፣ ጂ ብለው ጽፈው ኢንተር ይበሉ። «ዲስፕሌይ» በሚለው ገጽ ላይ የካርዱ ስም «ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» የሚል ከሆነ ድራይቨሩ አልተጫነም፤ ይህ ፎርማት የተደረጉ ኮምፒውተሮች የተለመደ በሽታ ነው። «ፊቸር ሌቨልስ» የሚለው ዝርዝር ውስጥ 11 ካልተጠቀሰ ደግሞ ዳይሬክትኤክስ 11 የግድ የሚል ጌም በምንም ዘዴ አይነሳም። በ2011 የወጣው ኢንቴል ኤችዲ 3000 ለምሳሌ ከ10.1 አያልፍም፤ ደንበኛን በተስፋ ከማመላለስ ይህን ቁርጡን መንገር ይሻላል። ሁለት ካርድ ያለው ላፕቶፕ ከሆነ «ሴቲንግስ»፣ «ሲስተም»፣ «ዲስፕሌይ»፣ «ግራፊክስ» ገብተው ጌሙን ይጨምሩና «ሃይ ፐርፎርማንስ» የሚለውን ይምረጡለት።

የዊንዶውስ ተጠቃሚ ስማቸውን በአማርኛ የጻፉ ሰዎችም ይቸገራሉ። ስሙ ያምራል፤ ነገር ግን ዊንዶውስ በዚያው ስም ፎልደር ስለሚፈጥር፣ የግዕዝ ፊደል ማንበብ የማይችሉ አሮጌ ጌሞች ማስቀመጫቸውን አጥተው ይወድቃሉ። በኋላ የሚታየውን ስም መቀየር ፎልደሩን አይቀይረውም። በእንግሊዝኛ ፊደል አዲስ አካውንት ከፍተው ጌሙን ከዚያ ይሞክሩት።

ግልገል ጊቤ እዚሁ ዞናችን ውስጥ ቢሆንም ክረምት በመጣ ቁጥር መብራት መጥፋቱ አልቀረልንም። ጌሙ እየተጫወቱበት ሳለ መብራት ከሄደ በተለይ ዴስክቶፕ ላይ ሲጻፍ የነበረ የሴቲንግ ፋይል ተቆርጦ ይቀራል፤ ጌሙም በሚቀጥለው ጊዜ ያንን ሊያነብ ሲሞክር ይወድቃል። «ዶክዩመንትስ» ውስጥ፣ አንዳንዴም «ማይ ጌምስ» በሚለው ሥር ያለውን የጌሙን ፎልደር ሳያጠፉ ስሙ ላይ አንድ ቁጥር ጨምረው ጌሙን ይክፈቱ። ከተነሳ አዲስ ፎልደር ይፈጥራል፤ ከድሮው ውስጥ የሴቭ ፋይሎቹን ብቻ መልሰው ይቅዱበት። ካልተነሳ ስሙን ወደነበረበት ይመልሱ። መብራቱ ደጋግሞ የሄደ ከሆነ ድራይቩን በቀኝ ክሊክ ተጭነው «ፕሮፐርቲስ»፣ «ቱልስ» እና «ቼክ» በሚለው ዲስኩን ያስመርምሩ።

ይህ ሁሉ ካልሠራና ጌሙ ስቲም ከሚባለው የኢንተርኔት የጌም መደብር የመጣ ከሆነ፣ ላይብረሪ ውስጥ ጌሙን በቀኝ ክሊክ ተጭነው «ፕሮፐርቲስ»፣ «ኢንስቶልድ ፋይልስ»፣ ከዚያም ፋይሎቹን እንዲያረጋግጥ የሚያዘውን ቁልፍ ይጫኑ። ሙሉውን ጌም ሳይሆን የተበላሹትን ፋይሎች ብቻ ያወርዳል። አሁንም ዊንዶውስ 7 የሚጠቀም ሰው ስቲም ራሱ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ለዚያ ዊንዶውስ ድጋፍ ማቆሙን ማወቅ አለበት።

ጌሙን አጥፍቶ መጫን ግድ ከሆነ ከላይ የተጠቀሰውን የ«ዶክዩመንትስ» ፎልደር በቅድሚያ ወደ ፍላሽ ይቅዱ። እዚያ ካልተገኘ «አፕዳታ» በሚባለው ድብቅ ፎልደር ውስጥ «ሎካል» እና «ሮሚንግ» የሚሉትን ይፈልጉ፤ ፎልደሩ እንዲታይ «ቪው» ውስጥ «ሂድን አይተምስ» የሚለውን ያብሩ። የወንድሜ ሁለት ዓመት የነበረው እዚያ ውስጥ ነው።