የተረሳ ዘፈን ለማግኘት ሁሉንም በውዙት

ሚሞሪ ካርዴ ላይ 2,300 ገደማ ዘፈን አለ፤ የምሰማው ግን ያንኑ ሃያውን ነበር። አሁን ‹ሁሉም ዘፈኖች› ውስጥ ገብቼ ሸፍልን (መበወዣውን) እነካለሁ፣ በቃ። ብዙዎቹ ማጫወቻዎች ዝርዝሩን እንደ ካርታ በውዘው ስለሚያጫውቱ ሁሉም ሳይዳረስ አንዱ አይደገምም።

በቀደም ታክሲ ውስጥ ከካሴት ያስገለበጥኩት የሙሉቀን መለሰ ዘፈን መጣልኝ። የፋይሉ ስም ‹ትራክ 07› ብቻ ነው፤ በስም ብፈልገው መቼም አላገኘውም ነበር። የካሴቱ ሽሽታ ሳይቀር አለ!

እንዲህ ያለ ሲገጥማችሁ እዚያው ስሙን ቀይሩት ወይም የልብ ምልክቷን ንኩ፤ ‹በኋላ› ካላችሁ ጠፋ። መግቢያው ሳያልቅም አትዝለሉ።

የዋትሳፕ የድምፅ መልእክቶችን ግን ቀድማችሁ ለዩ። እኔ ሳልለይ ቀርቼ፣ ከትዝታው ቀጥሎ አክስቴ ‹ሽንኩርት አምጣ› አለችኝ።