በሸናንዶዋ ተራሮች ላይ በአርቪ ማደር፦ ቢግ ሜዶውስን ለሚመርጡ ቤተሰቦች

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በአሌክሳንድሪያ ወይም በሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ቤተሰብ አርቪ፣ ማለትም መኝታና ማብሰያ ያለው የጉዞ መኪና፣ ተከራይቶ የመጀመሪያ ጉዞውን ለመሞከር ቢያስብ፣ በቨርጂኒያ የብሉ ሪጅ ተራሮች ላይ ከተዘረጋው ከሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ የተሻለ ቦታ በቅርብ ማግኘት ያስቸግረዋል። ፓርኩን ከሰሜን እስከ ደቡብ የሚያቋርጠው ስካይላይን ድራይቭ 105 ማይል ይረዝማል፤ ቦታዎቹም የሚታወቁት ከሰሜኑ መግቢያ ከፍሮንት ሮያል ጀምሮ በሚቆጠረው የማይል ቁጥር ነው። በመንገዱ ላይ ካሉት የካምፕ ሥፍራዎች መካከል ይህ ጽሑፍ የሚመክረው በማይል 51 ላይ የሚገኘውን ቢግ ሜዶውስን ነው። ምክንያቱም አንድ ነው፦ አርቪውን አንድ ጊዜ ካቆሙት በኋላ ሳያንቀሳቅሱት በእግር ሄደው የሚያዩት ብዙ ነገር አለ። አርቪ ለማደሪያ እንጂ ለጉብኝት መመላለሻ አይመችም፤ በየእይታ ቦታው ያለው ማቆሚያም ለትልቅ መኪና ጠባብ ነው።

ቦታ የሚያዘው ሬክሪኤሽን ዶት ጎቭ በተባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ነው። ቅጠሉ በሚቀላበት በኦክቶበር ወር ቅዳሜና እሁድን ለማግኘት፣ ምዝገባው ከስድስት ወር በፊት እንደተከፈተ መሽቀዳደም ያስፈልጋል። በሚመርጡበት ጊዜ የእያንዳንዱ ቦታ ርዝመት ከተከራዩት መኪና ርዝመት ጋር መመጣጠኑን ያረጋግጡ፤ ጄነሬተር የሚከለከልባቸው ክፍሎችም ስላሉ ያንንም አብረው ያንብቡ።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው ጉዳይ የመኪናው ከፍታ ነው። ከዲሲ በኩል የሚመጣ ሰው ብዙውን ጊዜ በዋረንተንና በስፔሪቪል አድርጎ፣ በመንገድ ቁጥር 211 ወጥቶ በቶርንተን ጋፕ በር ይገባል። ከዚህ በር ወደ ደቡብ ጥቂት እንደተነዳ፣ በማይል 32 ላይ፣ ከአለት የተቦረቦረው የሜሪስ ሮክ መሿለኪያ ይገጥማል፤ የተፈቀደውም ከፍታ 12 ጫማ ከ8 ኢንች፣ ማለትም 3.86 ሜትር ገደማ ነው። በጣሪያ ላይ ያለውን የአየር ማቀዝቀዣ ሳይቆጥሩ የሚነገሩ ልኮች ስላሉ፣ ትክክለኛውን ከፍታ ከአከራዩ በጽሑፍ ይቀበሉና በሾፌሩ ፊት ለፊት ይለጥፉት። መኪናው ከዚያ ከበለጠ በመንገድ ቁጥር 33 በስዊፍት ራን ጋፕ በኩል ገብቶ ወደ ሰሜን 15 ማይል ያህል መመለስ ነው፤ በዚህ በኩል መሿለኪያ የለም። በፓርኩ ውስጥ የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት 35 ማይል ነው። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ደጋግሞ ከመርገጥ ይልቅ ወደ ዝቅተኛ ማርሽ መለወጥ ይሻላል፤ ያለዚያ የከባድ መኪና ፍሬን ይግላል።

ካምፑ ሲደርሱ የመጀመሪያው ሥራ መኪናውን ማስተካከል ነው። ወለሉ ካጋደለ የአንዳንድ አርቪዎች የምግብ ማቀዝቀዣ በደንብ ስለማይሠራ፣ ዝቅ ባለው ጎን ጎማዎች ሥር የማስተካከያ ሰሌዳ አድርገው ይንዱበት፤ ከዚያም የእጅ ፍሬኑን ይያዙና ጎማው ላይ ታኮ ያድርጉ።

በቢግ ሜዶውስ በየመቆሚያው የሚሰካ ኤሌክትሪክም ሆነ የውኃና የፍሳሽ መስመር የለም። ስለዚህ የቆይታዎን ርዝመት የሚወስኑት መኪናው ላይ ያሉት ሦስት ታንኮች (የንጹሕ ውኃ፣ የእጣቢና የመጸዳጃ) እና ባትሪው ናቸው። የንጹሕ ውኃውን ታንክ ሲገቡ ይሙሉት። ጄነሬተር የሚፈቀደው ጠዋት ከ2 እስከ 4 ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከ10 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ብቻ ስለሆነ፣ ማይክሮዌቭና ስልክ መሙላት የመሳሰለውን በእነዚህ ሰዓቶች ይጨርሱ፤ ሌላውን በጋዝ ምድጃ ማብሰል ይቻላል። ፈጥኖ የሚሞላው ደግሞ የእጣቢው ታንክ ነው። ሽሮና ወጥ የተበላበትን ሳህን በቀጥታ ውኃ ውስጥ ከመንከር አስቀድሞ በወረቀት መጥረግ ጥቅሙ ቀላል አይደለም፤ ዘይቱ ቱቦው ውስጥ ሲረጋ የሚያመጣው ሽታ ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ይሰማልና። የመጸዳጃው ታንክ ቧንቧ እስኪደፋ ድረስ ተዘግቶ ይቆያል፤ ከተከፈተ ፈሳሹ ብቻ ወጥቶ ደረቁ ይቀራል።

ወንዶችም ሴቶችም የሚረሱት የቡናው ጉዳይ ነው። ቡና በአርቪ ውስጥ ቢቆላ የጭስ ማስጠንቀቂያው ወዲያውኑ ይጮኻል፤ ስለዚህ ጠረጴዛው ያለው ከውጭ ነውና መቁላቱም እጣኑም እዚያው ይሁን። ከሰል ግን፣ ብርድ ቢሆንም ዝናብ ቢዘንብም፣ ወደ ውስጥ ፈጽሞ አይገባም፤ በተዘጋ ቦታ የሚያወጣው ጋዝ ሽታ የሌለው ገዳይ ነው። የማገዶ እንጨት ከቤት ይዞ መምጣትም አይገባም፤ ዛፍ የሚያደርቁ ነፍሳት በእንጨት ስለሚጓጓዙ፣ ፓርኩ የሚቀበለው በሙቀት መታከሙ የተረጋገጠ እንጨት ነው። አካባቢው ጥቁር ድብ የሚኖርበት በመሆኑ የተረፈ እንጀራ፣ የበርበሬ ዕቃ፣ ሳሙናና የጥርስ ሳሙና ሳይቀር ማታ ተቆልፎ በሚዘጋ መኪና ውስጥ ያድራል።

ጉብኝቱን ከካምፑ ማዶ ካለው ሰፊ ሜዳ ይጀምሩ። ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ፓርኩን በይፋ የመረቁት በዚሁ በቢግ ሜዶውስ በ1936 ሲሆን፣ ለፓርኩ ሲባል በመቶዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ከተራራው እንዲለቁ መደረጋቸውን በአቅራቢያው ያለው የበርድ የጎብኚዎች ማዕከል ያስረዳል። ይህን ታሪክ ሳያነቡ ሜዳውን አጋዘን ለማየት ብቻ መርገጥ ጉዞውን ያጎድለዋል ብዬ አምናለሁ። አጋዘኖቹን ለማየት ግን ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል መውጣት ነው።

ከሜዳው አጠገብ የዳርክ ሆሎው ፏፏቴ መንገድ አለ። ደርሶ መልሱ 1.4 ማይል ብቻ ቢሆንም መሄጃው ቁልቁል፣ መመለሻው ዳገት ስለሆነ፣ ትንንሽ ልጆችና አረጋውያን ያሉበት ቤተሰብ በቂ ውኃ ይያዝ፤ ውሻ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ብርቱ መንገደኛ ደግሞ ከሚላም ጋፕ ተነሥቶ 4 ማይል ያህል ደርሶ መልስ በመሄድ፣ ፕሬዚዳንት ኸርበርት ሁቨር ከዋሽንግተን ሙቀት ሸሽተው ያርፉበት የነበረውን ራፒዳን ካምፕን ያያል። ሚላም ጋፕ በማይል 52.8 ላይ ስለሆነ ከካምፑ ብዙም አይርቅም። የፓርኩ ከፍተኛ ጫፍ ሆክስቢል ከ4,000 ጫማ ትንሽ ይበልጣል፤ የደጋ ልጅ ለሆነ ሰው ከፍታው ባያስደንቀውም፣ ከላይ የሚታየው የሸናንዶዋ ሸለቆ ያጠግባል።

ከፓርኩ ውጭ በሉሬይ ከተማ አጠገብ ያለውን የሉሬይ ዋሻን ለመመለሻው ቀን ያቆዩት፤ ለእሱ ብቻ ወርዶ መመለስ ነዳጅ ማባከን ነው። መኪናው ከመነሳቱ በፊት በካምፑ የፍሳሽ መድፊያ ጓንት አድርገው በቅድሚያ የመጸዳጃውን፣ ቀጥሎ የእጣቢውን ታንክ ይክፈቱ፤ እጣቢው ቱቦውን ያጥበዋልና ቅደም ተከተሉ አይገለበጥ። ከዚያ መሿለኪያውን የሚያልፍ መኪና በቶርንተን ጋፕ ወጥቶ በ211 ወደ ምዕራብ ሲወርድ ሉሬይ ከተማ ይደርሳል፤ ከፍ ያለው ግን በስዊፍት ራን ጋፕ ወጥቶ፣ በኤልክተን በኩል መንገድ ቁጥር 340ን ይዞ ወደ ሰሜን ይሄዳል። በ1878 የተገኘው ይህ ዋሻ በተንጠለጠሉ ድንጋዮች ላይ በመዶሻ እየመታ ዜማ የሚያሰማ ኦርጋን አለው። ውስጡ ዓመቱን ሙሉ 12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሆነ፣ በበጋም ቢሆን ለልጆቹ ሹራብ፣ ለሁሉም የማያንሸራትት ጫማ ከዕቃው መካከል አስቀድመው ያውጡ።