የዳታ ዌርሃውስ ፕሮጀክት ለኦፕን ሶርስ ፋውንዴሽን ሲቀርብ የሚሠሩ ስህተቶች

ዲስትሪቢዩትድ ዳታ ዌርሃውስ ሠርታችኋል እንበል። ዳታው በብዙ ሰርቨሮች ላይ ተከፋፍሎ ይቀመጣል፣ ኤስኪውኤል ኩዌሪ (ለዳታው የሚቀርብ ጥያቄ) ሲመጣ እያንዳንዱ ሰርቨር የድርሻውን ይሠራል፣ መልሱ ተሰብስቦ ይወጣል። ፈጣን ነው፣ አይወድቅም፣ ደንበኞች አሉት። አሁን ደግሞ ኮዳቸው ለሁሉም ክፍት የሆነ (ኦፕን ሶርስ) ፕሮጀክቶችን ለሚይዘው ድርጅት፣ ለአፓቼ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን፣ ልትሰጡት አስባችኋል። ጎበዝ! ግን ፕሮፖዛሉን መጻፍ ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር ልብ በሉ፤ አብዛኛው ስህተት የሚመጣው ይህን ካለማወቅ ነው። እዚያ ያሉት ሰዎች ዋና ጥያቄያቸው "ሶፍትዌሩ ምን ያህል ይፈጥናል?" አይደለም። "እናንተ ነገ ትታችሁት ብትሄዱ ማን ይይዘዋል?" ነው።

የምጽፈው የአፓቼ ኢንኩቤተርን አሠራር ይዤ ነው። ኢንኩቤተሩ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ አዳዲስ ፕሮጀክቶች ወደ ፋውንዴሽኑ የሚገቡበት በር ነው። ታጆ፣ ካይሊን፣ ኢምፓላ፣ ድሩይድ፣ ፒኖትና ዶሪስ የሚባሉት የዳታ ሲስተሞች ሁሉም በዚሁ በር አልፈዋል። ወደ ሊኑክስ ፋውንዴሽን የምትሄዱ ከሆነ አሠራሩ ይለያል፤ የላይሰንስ (የአጠቃቀም ፈቃድ) እና የስም ጣጣው ግን እዚያም አይቀርላችሁም።

ፕሮፖዛሉን ማስታወቂያ ማድረግ

ይህ የሁሉም ስህተት ነው። ማርኬቲንግ ክፍሉ ያዘጋጀውን ጽሑፍ ገልብጠው ይለጥፉታል። "ሲስተማችን በዓይነቱ ልዩ የሆነ፣ እጅግ ፈጣንና አስተማማኝ የዳታ ትንተና መፍትሔ ነው" ይላል። ከዚህ ምን ገባችሁ? እኔ ምንም አልገባኝም።

እስቲ እንዲህ ቢጻፍስ፦ "ይህ ሲስተም በኤችዲኤፍኤስና በኤስ3 ላይ የተቀመጡ የፓርኬት ፋይሎችን በኤስኪውኤል ለመጠየቅ ያገለግላል። የራሱ የኩዌሪ ኢንጂን አለው፣ ማፕሪዱስ አይጠቀምም። ኩዌሪ በመሠራት ላይ እያለ አንድ ሰርቨር ቢወድቅ የሚደገመው የዚያ ሰርቨር ሥራ ብቻ ነው። ትራንዛክሽን አይደግፍም።" አምስት መስመር አይሞላም፤ ግን ምን እንደሆነም ምን እንዳልሆነም ይታወቃል። በተለይ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ዋጋዋ ትልቅ ነው። አንባቢው የዳታቤዝ ሰው ነው፣ የማይችሉትን ነገር ሳይደብቁ የሚናገሩ ሰዎችን ያምናል።

ቤንችማርክ ላይም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቲፒሲ-ኤችን ወይም ቲፒሲ-ዲኤስን (ቲፒሲ የሚባለው ድርጅት ያወጣቸውን የፍጥነት መለኪያዎች) ራሳችሁ ቤታችሁ ሞክራችሁ "የቲፒሲ-ኤች ውጤታችን ይህ ነው" ማለት አይቻልም። ድርጅቱ ያወጣው ደንብ አለ፤ በኦዲተር ያልተረጋገጠ ውጤት "ከቲፒሲ-ኤች የተወሰደ" ነው የሚባለው። (ደግሞ የተወዳዳሪያችሁን ሲስተም ሳታስተካክሉ፣ የራሳችሁን እስከ ጥግ አስተካክላችሁ ያወዳደራችሁት ግራፍ ካለ፣ እባካችሁ አታስገቡት። ወዲያው ይነቃባችኋል።)

"እኛን የሚመስል የለም" ማለት

አለ። ሃይቭ አለ፣ ስፓርክ አለ፣ ኢምፓላ አለ፣ ድሩይድ አለ፣ ዶሪስ አለ። ፕሮፖዛላችሁን የሚያነቡትና ድምፅ የሚሰጡት ሰዎች መካከል እነዚህን የሠሩ አይጠፉም። እነሱን እያንኳሰሳችሁ ድምፃቸውን መጠየቅ አያዋጣም።

በፕሮፖዛሉ ፎርም ላይ ከሌሎች የአፓቼ ፕሮጀክቶች ጋር ስላላችሁ ግንኙነት የሚጻፍበት ክፍል አለ። እዚያ ሁለት ነገር በግልጽ አስቀምጡ። አንደኛ፣ ይህን ሥራ ለምን ለሃይቭ ወይም ለኢምፓላ ማዋጣት እንዳልቻላችሁ። ፋውንዴሽኑ ተመሳሳይ ፕሮጀክቶች ጎን ለጎን እንዲኖሩ ይፈቅዳል፣ ስለዚህ መሸፋፈን አያስፈልግም፤ የዲዛይኑን ልዩነት መናገር ይበቃል። ሁለተኛ፣ ከሌሎቹ ምን እንደምትጠቀሙ። ፓርኬት፣ ኦርክ፣ አሮው፣ ካልሳይት፣ አይስበርግ፣ ዙኪፐር... የምትጠቀሙት ካለ ጻፉት። ሁሉንም ከዜሮ ራሳችን ጻፍነው ማለት ጀግንነት የሚመስላቸው አሉ። አንባቢው ግን "ይሄን ሁሉ ኮድ ማን ሊጠግነው ነው?" ነው የሚለው።

የስጋት ክፍሉን ማለፍ

ከፎርሙ ውስጥ እኔ መጀመሪያ የማነበው ይህን ነው። በአፓቼ ፕሮፖዛሎች ውስጥ የታወቁ ስጋቶች የሚባል ክፍል አለ። ፕሮጀክቱ ባለቤት አልባ ሆኖ ይቀራል ወይ፣ የኦፕን ሶርስ ልምድ አላችሁ ወይ፣ ሠሪዎቹ ሁሉ ከአንድ ቤት ናቸው ወይ፣ ሥራው በደመወዝተኞች ላይ ብቻ የቆመ ነው ወይ፣ የመጣችሁት የአፓቼን ስም ፈልጋችሁ ነው ወይ... እንዲህ ያሉ ጥያቄዎች ናቸው። ብዙ ሰው ለሁሉም "ስጋቱ ዝቅተኛ ነው" ብሎ ያልፋል። አንድ ዓይነት መልስ፣ ስድስት ቦታ።

ይህ የሚጎዳው ራሳችሁን ነው። እውነቱን ሁሉም ያውቀዋልና። የጊት ታሪኩን (የኮዱን የለውጥ መዝገብ) የከፈተ ሰው ኮሚቶቹ (የገቡት ለውጦች) ሁሉ ከአንድ ኩባንያ ኢሜይል የመጡ መሆናቸውን በሁለት ደቂቃ ያያል። ስለዚህ "ከ12 ኮሚተሮች (ኮድ የማስገባት መብት ካላቸው ሰዎች) 11ዱ የአንድ ድርጅት ሠራተኞች ናቸው፤ ይህን ለመቀየር የኮኔክተሮቹን (ከሌሎች ሲስተሞች ጋር የሚያገናኙትን) ኮድ ለብቻው አውጥተን ጀማሪ ሊሠራቸው የሚችሉ ሥራዎችን ለይተናል፣ ዲዛይን ላይ የምንወያየውም በአደባባይ ይሆናል" ብላችሁ ብትጽፉ ማንም አይጥላችሁም። ከአንድ ኩባንያ መምጣት ከመግባት አይከለክልም። እንዲያውም በዚህ ዘርፍ አብዛኞቹ የመጡት እንዲያ ነው፤ ካይሊን ከኢቤይ፣ ፒኖት ከሊንክድኢን፣ ዶሪስ ከባይዱ። የሚጎዳው ከአንድ ቤት አልመጣንም ማለቱ ነው።

ስጋቱ ደግሞ የወረቀት ጨዋታ አይደለም። ታጆን እዩት። ለሃዱፕ የተሠራ የዳታ ዌርሃውስ ሲስተም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ኢንኩቤተር ገባ፣ በ2014 ተመርቆ ራሱን የቻለ ፕሮጀክት ሆነ፣ በ2020 ደግሞ ወደ አቲክ ሄደ። አቲክ እንቅስቃሴያቸው የቆመ ፕሮጀክቶች የሚቀመጡበት ነው። ትራፎዲዮንም ተመርቆ ነበር፤ እሱም እዚያው ነው ያለው። መመረቅ ዋስትና አይደለም። የሚጠይቋችሁ ሰዎች ይህን በዓይናቸው ስላዩ ነው የሚጠይቋችሁ።

ላይሰንሱን "በኋላ እናየዋለን" ማለት

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ዳታ ዌርሃውስ የሚሠራ ሰው በብዛት የሚጠለፈው እዚህ ነው። የራሳችሁን ኮድ በአፓቼ ላይሰንስ 2.0 መልቀቅ ቀላል ነው። አስቸጋሪው የምትጠቀሟቸው ላይብረሪዎች (ሌሎች ጽፈው ያዘጋጇቸው ኮዶች) ጉዳይ ነው።

አፓቼ ላይሰንሶችን በሦስት ምድብ ይከፍላል። ኤምአይቲና ቢኤስዲ ምድብ ኤ ናቸው፣ ችግር የለም። ሞዚላና ኢክሊፕስ ምድብ ቢ ናቸው፤ በቅድመ ሁኔታ፣ በአብዛኛው በባይነሪ (ለማሽን በተዘጋጀ) መልክ ብቻ። ጂፒኤልና ኤልጂፒኤል ደግሞ ምድብ ኤክስ፤ ከምትለቁት ሶፍትዌር ጋር አብረው መውጣት አይችሉም።

አሁን የራሳችሁን ሲስተም አስቡት። ከማይኤስኪውኤል ዳታ የሚጎትት ኮኔክተር አላችሁ አይደል? የማይኤስኪውኤል የጃቫ ድራይቨር ጂፒኤል ነው። አብራችሁ ልታሽጉት አትችሉም። መፍትሔው ተጠቃሚው ድራይቨሩን ራሱ አውርዶ እንዲያስገባ ማድረግና ያለ እሱም ዋናው ሲስተም እንዲሠራ ማድረግ ነው። ጄሰን የምታነቡበት ላይብረሪስ? "ለመልካም እንጂ ለክፋት አትጠቀሙበት" የሚል ሐረግ ያለበት የጄሰን ላይሰንስ አለ፤ አፓቼ እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ ምድብ ኤክስ አዛውሮታል። ቀልድ ይመስላል፣ ግን የአጠቃቀም ገደብ ስለሚያስቀምጥ አያልፍም። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ የፌስቡክ የፓተንት ሐረግ ያለበት ላይሰንስ ተከለከለ፤ ሮክስዲቢን (የፌስቡክን የዳታ ማከማቻ ላይብረሪ) የሚጠቀሙ ፕሮጀክቶች ተደናገጡ፣ ሮክስዲቢም ላይሰንሱን ቀይሮ ችግሩ ተፈታ።

ስለዚህ ፕሮፖዛሉ ላይ ከመቀመጣችሁ በፊት ሜቨንን ወይም ሌላ የምትጠቀሙትን መሣሪያ የላይብረሪዎቹን ዝርዝር በሙሉ እንዲያወጣላችሁ አድርጉ። እናንተ በቀጥታ የጠራችኋቸውን ብቻ ሳይሆን እነሱ የሚጠሯቸውንም። ኢንጂናችሁ በሲፕላስፕላስ ከሆነ ሥራው ይብሳል፤ ሪፖዚቶሪው ውስጥ የሆነ ቦታ የተወሸቀ፣ ከየት እንደመጣ ማንም የማያስታውሰው የኮድ ፎልደር አይጠፋም። በዝርዝሩ ላይ ችግር ያለበት ነገር ካገኛችሁ በፕሮፖዛሉ ውስጥ ጻፉት፣ እንዴት እንደምታስወግዱትም ተናገሩ። እስክትገቡ ድረስ ማጽዳት ግዴታ አይደለም፤ ማወቅ ግን ግዴታ ነው። ድሩይድን ብታዩ መጀመሪያ የወጣው በጂፒኤል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ወደ አፓቼ ላይሰንስ ተቀየረ፣ ኢንኩቤተር የገባው በ2018 ነው። ከባዱን ነገር ቀድሞ ጨርሶ ነው የመጣው።

ኮዱ የማን እንደሆነ አለማጣራት

ኩባንያው ኮዱን በፊርማ ለፋውንዴሽኑ ይሰጣል፣ እያንዳንዱ ኮሚተርም የግል ስምምነት ይፈርማል። ይህን ሁሉም ያውቃል። የሚረሳው ከሦስት ዓመት በፊት ለልምምድ መጥቶ ኦፕቲማይዘሩን የጻፈው ልጅ ነው። ውል ነበረው? ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተጀመረ ፕሮጀክት ከሆነ ደግሞ የኮዱ መብት የተመራማሪዎቹ ነው ወይስ የተቋሙ? ይህን የሕግ ክፍላችሁን ዛሬውኑ ጠይቁ። የሕግ ክፍል መልስ ከኮድ በላይ ጊዜ ይወስዳል።

ስሙን የሙጥኝ ማለት

ፋውንዴሽኑ ስሙንም ይፈልጋል። የንግድ ምልክቱ ወደ እሱ ይዛወራል። ኩባንያችሁ በዚያው ስም ምርት እየሸጠ ከሆነ ወይ ምርቱ ስም ይቀይራል፣ ወይ ፕሮጀክቱ። ዶሪስ ባይዱ ውስጥ ፓሎ ነበር የሚባለው፤ ወደ አፓቼ ሲመጣ ተቀየረ። ስም መቀየር ያማል፣ ዘግይቶ ሲሆን ደግሞ የባሰ ያማል። የፕሬስቶን (የኤስኪውኤል ኩዌሪ ኢንጂን ነው) ታሪክ የሰማ ያውቀዋል፤ ፕሮጀክቱ ለሁለት ተከፍሎ አንደኛው ወገን ፕሬስቶኤስኪውኤል እየተባለ ሲሠራ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ በንግድ ምልክት ምክንያት ትሪኖ ለመባል ተገደደ። ሰነዱን፣ ፓኬጁን፣ ድረ ገጹን ሁሉ እየቀየሩ። እናንተ ከመግባታችሁ በፊት ስሙን ፈልጉ፤ በሶፍትዌር ዘርፍ ሌላ ሰው ይዞት እንደሆነ ተመልከቱ።

የኮሚተሮች ዝርዝር ውስጥ አለቆችን መደርደር

ዲሬክተሩ፣ ምክትሉ፣ የፕሮዳክት ኃላፊዋ... አንድ መስመር ኮድ ወይም ሰነድ ያልጻፉ ሰዎች። በአፓቼ ኮሚተርነት የግለሰብ ነው፤ ሰውየው ሥራ ቢለቅም አብሮት ይሄዳል፣ ኩባንያው በሌላ ሊተካው አይችልም። በሌላ በኩል ጊትሃብ ላይ ስህተት እያረመ ኮድ ሲልክላችሁ የከረመው የውጭ ሰው ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ይሄ በጣም ያስተዛዝባል። እሱን ነበር መጀመሪያ መጻፍ የነበረባችሁ።

ሜንተሮችን በዝና መምረጥ

ወደ ኢንኩቤተሩ የሚያስገባችሁ ሻምፒዮን የፋውንዴሽኑ አባል ወይም ኃላፊ መሆን አለበት፤ ሜንተሮች (ፕሮጀክቱን የሚያማክሩ ሰዎች) ደግሞ ከኢንኩቤተሩ ኮሚቴ ይመጣሉ። ሰው ታዋቂውን ይለምናል። ታዋቂው እሺ ይላል፣ ከዚያ ይጠፋል። ጉዳቱ የሚታየው የመጀመሪያውን ሪሊዝ (ለሕዝብ የሚለቀቅ የሶፍትዌሩ ቅጂ) ልታወጡ ስትሉ ነው። ኢንኩቤተር ውስጥ ያለ ፕሮጀክት ሪሊዝ ለማውጣት ከኢንኩቤተሩ ኮሚቴ አባላት ቢያንስ ሦስት +1 (የድጋፍ ድምፅ) ያስፈልገዋል። ሜንተሮቹ ካልመጡ እዚያው ቁጭ ነው፤ ፊርማውን የሚያጣራ፣ የላይሰንስ ፋይሉን የሚያይ ሰው ከየትም ስትለምኑ ትከርማላችሁ። ስለዚህ ሰውየውን "ባለፈው ዓመት ስንት ሪሊዝ ላይ ድምፅ ሰጠህ?" ብላችሁ ጠይቁት። ነውር የለውም።

መግለጫውን ቀድሞ ማውጣትና ድምፁን ማጣደፍ

ገና ፕሮፖዛሉ ውይይት ላይ እያለ ኩባንያው "አፓቼን ተቀላቀልን" ብሎ ለጋዜጠኞች ይልካል። ከስጋቶቹ መካከል የመጨረሻው፣ የአፓቼን ስም ፈልጋችሁ ነው ወይ የሚለው፣ መልሱ ተገኘ ማለት ነው። ከገባችሁ በኋላም ቢሆን ገና ኢንኩቤተር ውስጥ መሆናችሁን በየሪሊዙ መናገር ግዴታ ነው፤ መግለጫውም ይህን መያዝ አለበት።

ድምፅ መስጫው ቢያንስ 72 ሰዓት ክፍት ይሆናል። ውጤቱ የሚወሰነው ግን ከዚያ በፊት ባለው ውይይት ነው። አንድ ሰው "የሜታዳታ ሰርቨሩ አንድ ብቻ ከሆነ ሲወድቅ ምን ይሆናል?" ብሎ ጠይቆ መልስ ሳያገኝ ድምፅ ከጠራችሁ ያ ሰው +1 የሚልበት ምክንያት የለውም። መልሱ "ሲስተሙ ይቆማል፣ ገና አልሠራነውም" ቢሆንም እንኳ መልሱለት፣ ፕሮፖዛሉ ውስጥም ጨምሩት፣ ጥያቄ ሲያልቅ ነው ድምፅ የሚጠራው።