ከጉልበት ስር ያለውን ትራስ አንሱት፦ መገጣጠሚያ ካስቀየሩ በኋላ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ሥራዬ ጉልበታቸውን ወይም ዳሌያቸውን በሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ያስቀየሩ ሰዎችን ማስነሳት፣ ማስሄድ፣ አንዳንዴም ማስለቀስ ነው። ቀዶ ሐኪሙ የራሱን ድርሻ በአንድ ሁለት ሰዓት ጨርሶ ይወጣል። የቀረው ሥራ ያለው ቤት ውስጥ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚበላሸውም እዚያው ነው። ስህተቶቹን የደረደርኳቸው በሚያናድዱኝ ልክ ነው።

ከጉልበት ስር ትራስ ማድረግ

ቤት ለቤት ስሄድ ገና ከበር የማየው ይሄንን ነው። እናት አልጋ ላይ ጋደም ብለዋል። ከተቀየረው ጉልበት ስር ወፍራም ትራስ አለ፤ አንዳንዴም ሁለት ተደራርቦ። "ማነው ይሄን ያደረገው?" ስል ልጅ በኩራት "እኔ ነኝ፣ እንዲመቻት ብዬ" ትለኛለች።

መመቸቱማ ይመቻል። ያበጠ ጉልበት ትንሽ ታጠፍ ሲል ሕመሙ ጋብ ይላል። ጣጣው ያለው እሱ ላይ ነው። ጉልበቱ እንደታጠፈ መቅረትን ይለምዳል። ከጀርባው ያለው ጅማትና ሽፋን ያጥራል፣ ይደርቃል። ከሁለት ወር በኋላ ሰውየው ሲቆም እግሩ አይዘረጋም። እንደዚያ ሆኖ መሄድ ማለት ከፊት ያለው የጭን ጡንቻ ለአፍታ እንኳ ሳያርፍ ተሸክሞ ይዋል ማለት ነው። 10 ዲግሪ ያህል ሳይዘረጋ ቢቀር እንኳ ያነክሳል፣ ቶሎ ይደክማል፣ ቀጥሎ ወገቡን ያመዋል። ከዚያ "ኦፕራሲዮኑ አልሠራልኝም" ይመጣል።

ሁሉም ሰው የሚጠይቀኝ ስለማጠፍ ነው። ስንት ዲግሪ ደረስኩ፣ የጎረቤቴ ከኔ በለጠ ወይ። ስለመዘርጋት የሚጠይቀኝ የለም። ማጠፍ ለወራት እየተሻሻለ ይሄዳል። መዘርጋት ግን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ካልተያዘ በኋላ እጅግ ያስቸግራል።

ትራሱን ካልጣላችሁት ከተረከዝ ስር አድርጉት። ጉልበቱ ከስሩ ምንም ሳይኖር በራሱ ክብደት ወደ ታች ይውረድ። ያማል፤ እናውቃለን። 5 ደቂቃ፣ ሲለመድ 10 ደቂቃ፣ በቀን ደጋግሞ። ከዚያ የጭኑን ጡንቻ አጥብቆ የጉልበቱን ጀርባ ፍራሹ ላይ መጫን፣ አምስት እስኪቆጠር መያዝ፣ መልቀቅ። ሌሊትም እግሩ ተዘርግቶ ይተኛ።

ታማሚን ማሞላቀቅ

አንዲት እናት ሦስት ሴት ልጆች አሏቸው፤ በየተራ ያስታምማሉ። ውሃ ሲጠማቸው ውሃ ይመጣል፣ ሽንት ሲመጣ ፖፖ ይቀርባል። ጠያቂውም "አይዞዎት፣ እንዳይነሱ!" እያለ ይገባል፣ ይወጣል። ለክትትል የመጡት በዊልቸር ነበር። ጉልበታቸው አይታጠፍም፣ አይዘረጋም።

"እማማ፣ ያሳየንዎትን እንቅስቃሴ ይሠሩ ነበር?" አልኳቸው።

ወደ ልጆቻቸው ዞር ብለው "እነዚህ መቼ አስነሱኝ ልጄ" አሉኝ።

ሐኪሙ ማደንዘዣ ሰጥቶ ጉልበታቸውን በኃይል ማጠፍ ግድ ሆነበት። እድለኛ ሆነው በጊዜ ደረሱ፤ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ወዲያ ይሄ ዘዴ ብዙም አይረዳም።

ዛሬ ታካሚ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ከአልጋ እንዲነሳ ይደረጋል። ሆስፒታል ውስጥ የቆመውን ሰው ቤት ስታስገቡት ለምን ታስተኙታላችሁ? ውሃውን ዎከር (ባለ አራት እግር መደገፊያ) ይዘው ራሳቸው ይቅዱ። በእርግጥ ከልክ ማለፍም አለ። ማታ ማታ ጉልበቱ በጣም ካበጠና ካቃጠለ ቀን አብዝተውበታል ማለት ነው። እግሩን ከፍ አድርጎ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ መያዝ፣ በማግስቱ መቀነስ። መቀነስ ነው ያልኩት፣ ማቆም አይደለም።

ወጌሻ መጥራት

ወጌሻን ንቄ አይደለም። ግን ውስጡ ብረትና ፕላስቲክ የገባበት ጉልበት ላይ ማንም እጁን አያሳርፍ። እብጠቱን አይተው "ደም ቋጥሯል" ይላሉ፣ ቅቤ ያሞቃሉ፣ ማሸት ይጀምራሉ። ስፌቱ ሳይደርቅ ቅቤም ሆነ ዘይት ከነካው ለጀርም መንገድ ተከፈተ። ጀርም አንዴ ብረቱ ላይ ከተጣበቀ በኪኒን ብቻ አይለቅም። ተከፍቶ ይታጠባል፣ ሲብስም የገባው ሁሉ ይወጣል። ከስፌቱ ፈሳሽ ከመጣ፣ ትኩሳት ካለ፣ ሕመሙ እየቀነሰ ሄዶ በድንገት ካገረሸ ወደ ቀዶ ሐኪሙ ነው የሚኬደው። ጠበልም ቢሆን ቁስሉ እስኪደርቅ መነከር ይቅር።

ይበልጥ የምፈራው ባት ማሸትን ነው። ከዚህ ቀዶ ሕክምና በኋላ ባሉት ሳምንታት እግር ውስጥ ደም ሊረጋ ይችላል። ባቱ ካበጠና ሲነካ ካመመ ማሸት የረጋውን ደም ነቅሎ ወደ ሳንባ ሊልከው ይችላል። ድንገት ትንፋሽ ካጠረ ወይም ደረት ከወጋ ነገ እንሄዳለን አይባልም፤ በዚያው ሰዓት ነው። የደም ማቅጠኛውንም "ምንም አላመመኝም" ብላችሁ በራሳችሁ አታቋርጡ። የሚሰጠው እኮ ሳያማችሁ ነው!

ተአምር መጠበቅ

ሕክምናቸው በተደራጀ አገሮች እንኳ ጉልበት ካስቀየሩ ሰዎች ከአምስቱ አንዱ ገደማ በውጤቱ ሙሉ በሙሉ አይረካም። ዳሌ ያስቀየሩት ይሻላሉ። ከምክንያቶቹ ትልቁ የተጠበቀውና የተገኘው አለመገናኘቱ ነው። ኤክስሬያቸው እንከን የሌለው፣ ያለ ከዘራ የሚሄዱ፣ ግን ተከፍተው የሚመጡ ሰዎች አሉኝ። ማንም ያልነገራቸውን ልንገራችሁ።

ጉልበቱ ለወራት ሞቅ ይላል፣ ያብጣል፤ 6 ወር ቢቆይ አትደንግጡ። ከስፌቱ በውጭ በኩል ያለው ቆዳ ይደነዝዛል፣ ምክንያቱም ሲከፈት ትንንሽ ነርቮች ይቆረጣሉ። ሲራመዱ ቀጭ ቀጭ የሚለው ብረቱና ፕላስቲኩ ሲነካኩ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንቅልፍ ይረብሻል። መሻሻሉ እስከ አንድ ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥላል።

መታጠፉም ልክ አለው። ደረጃ ለመውጣት ወደ 90 ዲግሪ ይበቃል። አብዛኛው የተቀየረ ጉልበት ከ110 እስከ 120 ይደርሳል። ቁጢጥ ለማለት ግን ከዚያም በላይ ያስፈልጋል፤ መንበርከክም ለብዙዎች አይመችም። ስለዚህ መሬት ላይ መቀመጥ፣ መስገድ፣ መቆፈር የሕይወታችሁ ክፍል ከሆነ ከኦፕራሲዮኑ በፊት ለሐኪሙ ንገሩት። አንድ አባት "ሕመሙ ጠፍቷል፣ ግን ስግደቴን ቀማችሁኝ" ብለው ወቅሰውኛል። ልክ ናቸው፤ ቀድሞ የነገራቸው አልነበረም።

ዳሌ አስቀይሮ በርጩማ ላይ መቀመጥ

ዳሌው ከኋላ በኩል ተከፍቶ ከተቀየረ መገጣጠሚያው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሊወልቅ ይችላል። ጉልበት ከዳሌ ከፍ ብሎ መቀመጥ፣ እግር ማጣመር፣ ጎንበስ ብሎ ካልሲ ማጥለቅ ክልክል ነው። ሐኪሙ ፈቀድኩ እስኪል ቡናውን ሌላ ሰው ያፍላው። መጸዳጃው የቁጢጥ ከሆነ ከኦፕራሲዮኑ በፊት አናጺ ጋ ሂዱና መሃሉ የተቀደደ ጠንካራ ወንበር አሠሩ፤ ከፍታው በታካሚው ቁመት ተለክቶ።

ከዘራውን በተሳሳተ እጅ መያዝ

ቀኝ ከተቀየረ ከዘራው በግራ እጅ። በግራ! ደረጃ ስትወጡ ጤነኛው እግር ይቅደም፣ ስትወርዱ የታመመው።

ሕመም መቻል

ማስታገሻውን ከእንቅስቃሴ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀደም ብላችሁ እንደታዘዘው ዋጡት። ጀግንነቱን ለሌላ ቀን አቆዩት።

በባዶ ሆድ መዋል

ጾም ሲሆን ቁስሉ ሳይደርቅ እስከ 9 ሰዓት ምግብ ሳይቀምሱ ለፊዚዮቴራፒ የሚመጡ አሉ። አዙሯቸው ይወድቃሉ። የንስሐ አባታችሁን አማክሩ፤ ለታመመ ሰው የሚሉት አያጡም። ሥጋ ግዴታ አይደለም፤ ሽሮ፣ ምስርና ባቄላ ይጠግኑታል። ብቻ ይበላ።

ውጭ ታክሞ ያለ ወረቀት መመለስ

ባንኮክ፣ ሕንድ ወይም ቱርክ አስቀይረው የሚመጡ ሰዎች ቦርሳቸው ውስጥ ኪኒንና ደረሰኝ ሞልቶ ነው የሚገቡት። ምን ዓይነት መገጣጠሚያ እንደገባላቸው ስጠይቅ "ጥሩ ነው ብለውኛል" ይሉኛል። ከተቀየሩ ጉልበቶች ከአምስቱ አራቱ ገደማ 25 ዓመት ይቆያሉ፤ ያን ጊዜ የሠራላችሁን ሐኪም ከየት ታገኙታላችሁ? ያለቀውን ፕላስቲክ ብቻ መለወጥ ቢያስፈልግ የአንዱ ኩባንያ ዕቃ ከሌላው ጋር አይገጥምም። ከመመለሳችሁ በፊት የኩባንያው ስም፣ መጠኑና የመለያ ቁጥሩ ያለበትን ስቲከር፣ የኦፕራሲዮኑን ሪፖርትና ኤክስሬዩን ተቀበሉ። መቼ መብረር እንደምትችሉም ጠይቁ፤ ረጅም በረራ ደም የማርጋት አደጋውን ይጨምራል። አውሮፕላን ውስጥ ቁርጭምጭሚታችሁን አንቀሳቅሱ፣ እየተነሳችሁ ተራመዱ። ስቲከሩን በስልክ ፎቶ አንሱና ለልጆቻችሁም ላኩላቸው፤ ስልክ ይጠፋል።