የደም ስር ዕጢ የልጅን ሬቲና ሲያላቅቅ፦ ወላጆች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አንዳንድ ሕፃናት ግንባራቸውና የዓይን ቆባቸው ላይ ወይን ጠጅ ምልክት ይዘው ይወለዳሉ። ቤተሰብም «ማርያም ስማው ነው» ይላል። ስህተቱ ነገሩን እዚያው መተው ነው። ምልክቱ ስተርጅ-ዌበር ከሚባለው ሕመም ጋር የመጣ ከሆነ፣ በዚያው በኩል ባለው ዓይን፣ ከሬቲና (ብርሃን ከሚቀበለው የዓይን የውስጥ ሽፋን) ጀርባ የደም ስር ዕጢ ሊኖር ይችላል። ዕጢው ካንሰር አይደለም። ግን ፈሳሽ ሊያፈልቅ ይችላል፤ ፈሳሹም ሬቲናውን ከቦታው ያላቅቀዋል። ስለዚህ ልጁን ገና በጨቅላነቱ ለዓይን ሐኪም ያሳዩት።

እናትን መውቀስም ስህተት ነው፤ ደግሞም ይጎዳል። በ2013 እ.ኤ.አ. እንደታወቀው መንስኤው ጂኤንኤኪው (GNAQ) በሚባል ጂን (የዘር መረጃ ተሸካሚ) ላይ ከፅንሰት በኋላ የሚፈጠር ለውጥ ነው። ከማንም አይወረስም።

ልጁ «አይታየኝም» እስኪል አይጠብቁ። አንዱ ዓይን ደህና ከሆነ በእሱ ብቻ ሲሮጥ ይውላል። ደህናውን ሲሸፍኑበት ከተነጫነጨ ወይም ዓይኑ ከሸወረረ ቶሎ ይሂዱ። ብሌኑ ፎቶ ላይ ነጭ ከሆነ ደግሞ ነገ አይበሉ፤ የሬቲና ካንሰር አለመሆኑ መጣራት አለበት።

ትልቁ ስህተት «ሬቲናው ከተላቀቀ ኦፕራሲዮን ይደረግ» ብሎ መቸኮል ነው። በአዋቂዎች ላይ ብዙ ጊዜ የሚታየው መላቀቅ ሬቲናው ላይ ከተፈጠረ ቀዳዳ ይመጣል፤ ቀዳዳው ይደፈናል። እዚህ ግን ቀዳዳ የለም። ምንጩን ትቶ ሬቲናውን ብቻ መመለስ፣ ጣራው እያፈሰሰ ወለል እንደመወልወል ነው። መታከም ያለበት ዕጢው ነው። አንዱ መንገድ አነስተኛ መጠን ያለው ጨረር ነው። ሌላው በደም ስር የተሰጠ መድኃኒት ዓይን ውስጥ በሌዘር ብርሃን የሚነቃበት ፎቶዳይናሚክ ሕክምና ነው። ፕሮፕራኖሎል የሚባለው መድኃኒት አንዳንዶችን ረድቷል፣ ሌሎችን አልረዳም። የሕፃን የደም ስኳርንና የልብ ምትን ስለሚያወርድ ያለ ሐኪም ክትትል በፍጹም አይስጡት።

ብዙዎች የማያውቁት ሌላም አለ። ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹን ግላኮማም (አብዛኛውን ጊዜ ከዓይን ግፊት መጨመር ጋር የሚመጣ፣ የዓይን ነርቭን የሚጎዳ ሕመም) ይይዛቸዋል። ለግላኮማው ኦፕራሲዮን ሲደረግ የዓይን ግፊት በአንዴ ይወርዳል፤ ያኔ ዕጢው ፈሳሽ ለቅቆ ሬቲናውን ሊያላቅቅ ይችላል። ቀዶ ሐኪሙ ስለ ዕጢው አስቀድሞ ማወቅ አለበት። «የዓይን አልትራሳውንድ ተነስቷል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

ፈሳሹ ለመድረቅ ወራት ሊወስድ ይችላል፤ በሳምንታት ተስፋ ቆርጠው ክትትል አያቋርጡ። ሬቲናው ሲመለስም ሥራው አላለቀም። አንጎል ያን ዓይን መጠቀም ትቶ ሊሆን ይችላል። መነጽርና ደህናውን ዓይን እየሸፈኑ ማለማመድ ያስፈልጋል። ልጁ ያለቅሳል፣ ፕላስተሩን ይነቅላል። አንጀትዎ ቢንሰፈሰፍም ሐኪሙ ያዘዘውን ሰዓት ያክብሩ። አብዝቶ መሸፈን ደህናውን ዓይን ሊያደክም ስለሚችል በራስዎ አይጨምሩ።