የአየር ሁኔታ ትንበያ ሙያን ሲያስቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በዜናው ማብቂያ ካርታ ፊት ቆሞ የነገውን ዝናብና ፀሐይ የሚነግረን ሰው ከየት መጣ? ሳይንስ ተምሮ ነው? ጋዜጠኛ ነው? ወይስ አንደበቱ ርቱዕ በመሆኑ ብቻ የተመረጠ? ይህን ሥራ የሚመኙ ወጣቶች ብዙ ናቸው። ችሎታ እያለው በተሳሳተ ግምት የተነሳ ከመንገድ የሚቀር ሰው ያሳዝነኛልና ከዚህ በታች የምጽፈው ስለነዚያ ግምቶች ነው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አቅራቢውንና የሜትሮሎጂ ባለሙያውን አንድ አድርጎ ማየት

በቴሌቪዥን የሚታየው ሁሉ የሜትሮሎጂ (የአየር ሁኔታ ሳይንስ) ባለሙያ አይደለም፤ የሜትሮሎጂ ባለሙያ የሆነውም ሁሉ በቴሌቪዥን አይታይም። ለአውሮፕላን አብራሪዎች፣ ለመርከበኞችና ለገበሬዎች ትንበያ እያዘጋጀ አንድም ቀን ካሜራ ፊት ሳይቆም ጡረታ የሚወጣ ባለሙያ አለ። የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት «ሜትሮሎጂስት» የሚለው፣ በዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ደረጃ የተወሰነውን መሠረታዊ ትምህርት የጨረሰውን ሰው ነው። ከዚያ ባነሰ ደረጃ ሠልጥኖ በምልከታና በመሰል ሥራዎች የሚሰማራው ደግሞ «የሜትሮሎጂ ቴክኒሺያን» ይባላል። «አቅራቢ» የሚለው ስም በዚህ ምደባ ውስጥ የለም። የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ቃል ነው።

መደባለቁ ከየአገሩ ታሪክ የመነጨ ነው። ቢቢሲ የአየር ሁኔታ ካርታ በቴሌቪዥን ማሳየት የጀመረው በ1936 ነበር፤ ሰው ካርታው ፊት ቆሞ ሲያስረዳ የታየው ግን በጃንዋሪ 11 ቀን 1954 ነው። ያ ሰው ጆርጅ ካውሊንግ ሲሆን የብሪታንያ ሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤት ትንበያ ባለሙያ ነበር። ከእርሱ በኋላ ለአሥርተ ዓመታት በቢቢሲ መስኮት የታዩት በአብዛኛው የዚያው መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ነበሩ። በአሜሪካ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ከመጀመሪያዎቹ አቅራቢዎች አንዳንዶቹ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በሠራዊቱ ውስጥ ትንበያ የተማሩ ነበሩ፤ በ1950ዎቹ ግን ጣቢያዎች ተመልካች ለመሳብ ሲሻሙ ቀልደኞችና አሻንጉሊት አጫዋቾች ካርታው ፊት መጡ። እንግዲህ «የአየር ሁኔታ አቅራቢ ምን የተማረ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው «የት አገር? በየትኛው ዘመን?» የሚል ጥያቄ መልሶ ቢቀርብለት ሊቀየም አይገባም።

ሜትሮሎጂ ያልተማረውን መናቅ

ይህ የመጀመሪያው ስህተት ግልባጭ ነው። ታዋቂው አሜሪካዊ የአየር ሁኔታ አቅራቢ አል ሮከር በኦስዊጎ የኒው ዮርክ ግዛት ዩኒቨርሲቲ ያጠናው ኮሙኒኬሽን ነው፤ የመጀመሪያውን የአየር ሁኔታ ሥራ ያገኘውም ገና ተማሪ ሳለ፣ በ1974 ነው። ጆን ኮልማን የጋዜጠኝነት ምሩቅ ነበር፤ በ1982 ሥርጭት የጀመረውን፣ ቀንና ሌሊት ስለ አየር ሁኔታ የሚያወራውን ዌዘር ቻናልን ከመሠረቱት አንዱ ግን እርሱ ነው። በፈረንሳይ ኤቭሊን ዴልያ ከፕሮግራም አስተዋዋቂነት ተነስታ ከ1992 ጀምሮ የአየር ሁኔታ በማቅረብ ታውቃለች።

እነዚህ ሰዎች ዕድሜ ልክ የሚጠይቅ ሙያ ይዘዋል፤ የሌላውን ሰው እውቀት ተቀብሎ፣ ሳያጣምም፣ በሁለት ደቂቃ ለሚሊዮኖች ማድረስ። የማልታገሠው አንድ ነገር ነው፤ ያልተማሩትን ማዕረግ መልበስ። ትንበያውን ማን እንዳዘጋጀው የሚናገር፣ ያልገባውን ሳያፍር የሚጠይቅ ጋዜጠኛ ክብር ይገባዋል። «ሜትሮሎጂስት» ተብሎ ሲጠራ ዝም የሚል ግን የሕዝብን አመኔታ ያለዋስትና ተበድሯል።

ደመና ወድዶ ሒሳብን መሸሽ

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ መቆም እፈልጋለሁ፤ ብዙ ሕልም የሚሰበረው እዚህ ነውና።

ልጁ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሰማይ ሲያይ ያደገ ነው። የደመናዎችን ስም ያውቃል፤ መብረቅ ሲጮኽ ሌላው ሲደበቅ እርሱ ወደ መስኮት ይሮጣል። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ግን የሚጠብቀው ካልኩለስ፣ ማለትም የለውጥ ሒሳብ ነው። የአሜሪካ መንግሥት ለሜትሮሎጂስት ቅጥር ያስቀመጠውን መስፈርት ይመልከቱ፤ ቢያንስ 24 የሴሚስተር ክሬዲት የከባቢ አየር ሳይንስ ይጠይቃል። ከዚያ ውስጥ 6ቱ ስለ ከባቢ አየር እንቅስቃሴና ቴርሞዳይናሚክስ (የሙቀት ሳይንስ)፣ ሌላ 6 ደግሞ ስለ አየር ሁኔታ ትንተናና ትንበያ ነው። ከ24ቱ ውጪ 6 ክሬዲት ፊዚክስና 3 ክሬዲት ዲፈረንሺያል እኩልዮሽ አለ። ደመና የመውደድ ክሬዲት የለም።

ይህ ሁሉ ተማሪን ለማማረር የተቀመጠ አይደለም። አየር እንደ ውኃ የሚፈስ ነገር ነው፤ የሚፈሰውም በምትሽከረከር፣ ፀሐይ እኩል በማታሞቃት ምድር ላይ ነው። ግፊቱ፣ ሙቀቱ፣ እርጥበቱና ነፋሱ እርስ በርስ የተሳሰሩ ናቸው፤ አንዱ ሲነካ ሁሉም ይነካል። ኖርዌያዊው ቪልሄልም ቢየርክነስ በ1904 ትንበያ የፊዚክስ ጥያቄ መሆኑን፣ የዛሬው ሁኔታ በትክክል ከታወቀ የነገው በስሌት ሊገኝ እንደሚችል ጻፈ። እንግሊዛዊው ሊዊስ ፍራይ ሪቻርድሰን ስሌቱን በእጁ ሞከረውና ውጤቱን በ1922 አሳተመ። ስሌቱ በስድስት ሰዓት ውስጥ ግፊቱ በ145 ሄክቶፓስካል (የአየር ግፊት መለኪያ) እንደሚለወጥ አሳየ፤ በእውነቱ ግን ግፊቱ ብዙም አልተንቀሳቀሰም ነበር። ሰውየው ስህተቱን ሳይደብቅ ማሳተሙ ሁልጊዜ ልቤን ይነካዋል። በ1950 ኤኒያክ የተባለው ኮምፒውተር የዚያኑ ሐሳብ ተሸክሞ የመጀመሪያዎቹን የተሳኩ የስሌት ትንበያዎች ሰጠ፤ የ24 ሰዓት ትንበያ ለማውጣት 24 ሰዓት ያህል ፈጅቶበታል።

ዛሬ አቅራቢው ስቱዲዮ ከመግባቱ በፊት የሚያየው የእነዚህን ስሌቶች ልጆች ነው። አንዱ ሞዴል (ከባቢ አየርን የሚያሰላ የኮምፒውተር ፕሮግራም) ነገ ከባድ ዝናብ ይላል፤ ሌላው ደረቅ ይላል። ከሁለቱ የትኛውን ማመን እንደሚገባ፣ የትኛው ተራራውን በደንብ እንደማያይ፣ የትኛው ነጎድጓዳማ ዝናብን ሲያፈጥን እንደሚታወቅ የሚፈርደው የተማረ አእምሮ ነው። ሒሳቡን የዘለለ ሰው ሁለቱን ካርታዎች እያየ ያማረውን ይመርጣል። ስለዚህ ካልኩለስ ከከበደዎት ይድገሙት። አስጠኚ ይፈልጉ። ጥቂት የኮምፒውተር ፕሮግራም አጻጻፍና ስታቲስቲክስ ይጨምሩበት። አንድ ኮርስ ወድቀው ሙያውን ከመጣል አንድ ዓመት መዘግየት በእጅጉ ይሻላል።

«የተማርኩት ሌላ ነው፤ ዘግይቻለሁ» ብሎ መተው

የዚህ ሙያ የዘር ሐረግ የእንግዶች ሐረግ ነው። ለደመናዎች ዛሬም የምንጠቀምበትን የአሰያየም ሥርዓት በ1802 ያቀረበው ሉክ ሃዋርድ መድኃኒት ቀማሚ ነበር። በ1861 በጋዜጣ ለሕዝብ ትንበያ ማውጣት የጀመረው ሮበርት ፊትዝሮይ የባሕር ኃይል መኮንን ነበር። ኤድዋርድ ሎሬንዝ የሒሳብ ሰው ሲሆን ወደ አየር ሁኔታ የገባው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለአሜሪካ ጦር ትንበያ ሲሠራ ነው። የአውሎ ነፋስ ተመራማሪው ጃፓናዊ ቴትሱያ ፉጂታ የተማረው መካኒካል ምህንድስና ነው። በ1945 የአቶም ቦምብ በናጋሳኪና በሂሮሺማ ያደረሰውን ጥፋት ሲመረምር ፍንዳታው ከላይ ወርዶ ምድር ላይ በየአቅጣጫው እንዴት እንደተበተነ አየ። ከዓመታት በኋላ በአሜሪካ ከማዕበል በኋላ ከአውሮፕላን ላይ ሆኖ ዛፎች እንደ ኮከብ ጨረር ተበትነው ወድቀው ሲያይ ያ ትዝታ ተመለሰለት። አውሮፕላኖችን የሚጥለውን፣ ከደመና በድንገት ወደ ታች የሚወረወረውን ነፋስ ያስረዳውም በዚህ መንገድ ነው። የቀድሞ ትምህርቱን ባይዘው ኖሮ ያንን ቅርጽ ባልለየው ነበር ብዬ አምናለሁ።

በሥራ ላይ ላሉ ሰዎችም በር አለ። በአሜሪካ የሚሲሲፒ ግዛት ዩኒቨርሲቲ በርቀት ትምህርት የሚሰጠው የሜትሮሎጂ ሥልጠና በርካታ የቴሌቪዥን አቅራቢዎችን ያስተማረ ነው።

«ለመልክ የሚሰጥ ሥራ ነው» ብሎ መራቅ

ይህ ስህተት በተለይ ጎበዝ ሴቶችን ከመስኩ አርቋል፤ ግምቱም ከባዶ የመጣ አልነበረም። ጁን ቤከን በርሲ በ1954 ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ በሜትሮሎጂ ተመርቃ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሠርታለች። በኋላ በቡፋሎ ከተማ ወደ አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ስትገባ የሳይንስ ዘጋቢ ሆነች እንጂ የአየር ሁኔታ ማቅረብ አልፈለገችም፤ በዚያ ዘመን ሴት አቅራቢ እንደ ጌጥ ትታይ ነበርና። የጣቢያው አቅራቢ ባንክ በመዝረፍ ወንጀል ሲያዝ ግን ቦታው ባዶ ቀረ፤ እርሷም ገባችበት፤ ዋና የሜትሮሎጂ ባለሙያም ሆነች። በ1972 የአሜሪካ ሜትሮሎጂ ማኅበር ለቴሌቪዥን አቅራቢዎች የሚሰጠውን የብቃት ማኅተም በማግኘት የመጀመሪያዋ ሴት እርሷ ነበረች።

ማኅበሩ ያንን ማኅተም በ1957 ያቋቋመው ቀልድና ጌጥ ሳይንሱን እንዳይውጡት ነበር። በ2005 ደግሞ ዲግሪና የጽሑፍ ፈተና የሚጠይቅ ጠንከር ያለ የምስክር ወረቀት አስከተለበት። መልክ ብቻ በር የሚከፍትበት ጣቢያ ዛሬም ሊኖር ይችላል፤ በዚያ ምክንያት የተማረው ሰው ከሸሸ ግን ካርታው ለማን ይቀራል?

የካሜራ ልምምድን እስከ መጨረሻ ማቆየት

አጭር ላድርገው። ከአቅራቢው ኋላ ብዙውን ጊዜ ካርታ የለም፤ አረንጓዴ ግድግዳ ነው። ካርታውን በኮምፒውተር የሚያስገባው ስቱዲዮው ነው፤ አቅራቢው በጎንና በፊት ያሉትን ማሳያዎች እያየ ባዶ ግድግዳ ላይ ይጠቁማል። ብዙዎች የሚናገሩትም ከተጻፈ ጽሑፍ ሳያነቡ ነው። ይህ በምረቃ ማግስት አይገኝም። ተማሪ ሳሉ በየሳምንቱ አንድ ትንበያ በሁለት ደቂቃ ተናግረው ይቅረጹ፤ ለሜትሮሎጂ እንግዳ ለሆነ ሰው ያሳዩትና ምን እንደገባው ይጠይቁት።

እርግጠኛ መምሰል

ማይክል ፊሽ በ1962 የብሪታንያ ሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤትን ተቀላቀለ፤ በቢቢሲ መታየት የጀመረው በ1974 ነው። የካበተ ልምድ የነበረው ሰው ነው። በኦክቶበር 15 ቀን 1987 ግን አንዲት ሴት «ኃይለኛ አውሎ ነፋስ እየመጣ ነው» ብላ መደወሏን አንስቶ፣ የሚያሰጋ ነገር እንደሌለ በፈገግታ ተናገረ። በዚያው ሌሊት በደቡብ እንግሊዝ የነፈሰው ማዕበል በብሪታንያ 18 ሰዎችን ገደለ፤ 15 ሚሊዮን ያህል ዛፎችን ጣለ። በዚያው ስርጭት ብርቱ ነፋስ እንደሚጠበቅ መናገሩን የሚያስታውስለት ጥቂት ነው። «ስለ መንገዱ ገና እርግጠኞች አይደለንም» ቢል ኖሮ ሌላ ነገር ይታወስለት ነበር። ሥራውን እስከ 2004 ቀጠለ፤ ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገርም ሳትለየው አብራው ቆየች።