ዳማው ይቆየን፦ የጡረተኞች ስብስብ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደሴ ውስጥ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ ጡረተኛ የፈለገ ሰው ሻይ ቤት ይሂድ። ዳማው ተዘርግቷል። ጠጠሩ የለስላሳ ቆርኪ ነው፤ የአንዱ በፊቱ፣ የሌላው በጀርባው። ጨዋታው ግን ሰበብ ነው። የሚወራው ስለ ከተማው ነው፤ ስለ ውሃው ፈረቃ፣ ስለተደፈነው ቦይ፣ ስለፈረሰው መንገድ። እኔ የዚህ ስብስብ ጸሐፊ ነኝ። የመረጡኝም እስክሪብቶ ከኪሴ ስለማይጠፋ ብቻ ነው። ከዚህ በታች ካሉት ስህተቶች ብዙዎቹን ራሴ ሠርቻቸዋለሁ።

የድሮውን ወንበር ይዞ መምጣት

ሰው በ60 ዓመቱ ጡረታ ሲወጣ ቢሮውን ያስረክባል፤ የአለቃ ድምፁን ግን ይዞት ይወጣል። እኛ ዘንድ አንድ የቀድሞ ሥራ አስኪያጅ አሉ። የቀድሞ ሾፌራቸውም አብረውን ይቀመጣሉ። ሾፌሩ አፋቸውን ሲከፍቱ አለቃ "ቆይ አንተ!" ይላሉ። ሰውየው ወራት ሙሉ ዝም አሉ። በኋላ ስለ መንገድ ስንነጋገር፣ የትኛው መታጠፊያ በየክረምቱ እንደሚሰምጥ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ሆነው ተገኙ። ዕድሜ ልካቸውን የነዱበት ነዋ! ንጉሥ ሚካኤል እዚሁ ከተማችን ያሠሩት አዳራሽ ስሙ አይጠየፍ ነው። ስሙን እየጠራን እኛው ስንጠያየፍ ያሳፍራል።

"ልጁን ያስተማርኩት እኔ ነኝ"

ይሄ የኔው ነው። መምህር የነበረ ሰው የትኛውም ቢሮ ቢገባ ተማሪውን አያጣም። ልጁ ብድግ ይላል፣ ወንበር ይስባል፣ ሻይ ያዛል። "እሺ ጋሼ፣ እናየዋለን" ይላል። እኔም ደስ ብሎኝ እወጣለሁ። ሻዩን ጠጣሁ እንጂ ጉዳዩ የትም አልደረሰ። ይባስ ብሎ ልጁ ወደ ሌላ ቦታ ሲዛወር እኔም እንደ አዲስ ጀመርኩ።

በአፍ ተናግሮ መመለስ

ሁሉም ስህተት ተሰብስቦ እዚህ ይመጣል። ደሴ ጦሳ ሥር ያለች ከተማ ናት። ሐምሌና ነሐሴ ከተራራው የሚወርደው ውሃ ቦይ ካጣ ቤት ይገባል። እኛ ሰፈር ቤት የሚሠራ ሰው ገረጋንቲውን ቦዩ ላይ አራግፎት ነበር። አራት ጊዜ ሄደን ተናገርን። በሄድን ቁጥር "ለማን ነበር የነገራችሁት?" እንባላለን። ለማን እንደነገርን እኛም ረስተናል።

በአምስተኛው ደብዳቤ እንጻፍ ተባለ። ረቂቁን የቀድሞው ሥራ አስኪያጅ አዘጋጁ። ከ1870ው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ይጀምራል። ቦዩ ጋ የሚደርሰው አራተኛው ገጽ ላይ ነው። መሃል ላይ የመብራት፣ የቆሻሻና የውሻ ጉዳይም ገብቶበታል። በስንት ልመና አንድ ገጽ አደረግነው፦ ቦታው የት ነው፣ ከመቼ ጀምሮ ተደፈነ፣ ምን እንዲደረግልን እንጠይቃለን። የነዋሪዎች ስምና ፊርማ ተያያዘ። አንድ ወጣት በስልኩ ያነሳው ፎቶም ታተመ። በሁለት ኮፒ ይዘን መዝገብ ቤት ገባን። አንዱን ወሰዱ። የኛው ላይ ቀን፣ የገቢ ቁጥርና ማኅተም አደረጉበት።

በሚቀጥለው ስንሄድ የመጀመሪያው ጥያቄ "ቁጥሩ ስንት ነው?" የሚል ነበር። ወረቀቱን ከኪሴ አወጣሁ። ፋይሉ ተገኘ። አካፋ የያዙ ሠራተኞች የመጡት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ፈጥነዋል አልልም፤ ግን መጡ።

የቅሬውን ገንዘብ መንካት

ሌላው አገር ዕድር የሚለውን እኛ ወሎዎች ቅሬ እንላለን። እስላምና ክርስቲያኑ በአንድ ቅሬ ይቀባበራል። ከስብስባችን አብዛኞቹ የሰፈሩ ቅሬ አባላት ስለሆኑ፣ "ለጊዜው ከቅሬው እንበደርና ቦዩን ራሳችን እንጥረግ" የሚል ሐሳብ መጥቶ ነበር። የቅሬው ገንዘብ ያዥ "ነገ ሰው ቢሞት በምን ልቅበር? በአካፋ?" አሉና ነገሩ ቆመ። እውነታቸውን ነው። የስብስቡ መዋጮ የራሱ ደብተርና ደረሰኝ ይኑረው፤ ያለ ሦስት ሰው ፊርማም አይውጣ። ደግሞም ቅሬ ስላለን ሕጋዊ ነን ማለት አይደለም። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ዕድርና ዕቁብን የመሰሉ ባህላዊ ተቋማትን አይመለከትም። ስብስቡ በራሱ ስም ማኅተምና የባንክ ሒሳብ ከፈለገ፣ ምን ዓይነት ምዝገባ እንደሚያስፈልገው አስቀድሞ መጠየቅ አለበት።

አርብ እኩለ ቀን ላይ ስብሰባ መጥራት

ግማሹ ጁምዓ ነው። እሁድ ጠዋት ብትሉ ሌላው ግማሽ ቅዳሴ ነው። ስንት ዓመት አብረን ኖረን ይሄንን መርሳታችን ይገርመኛል።

ሴቶቹን አለመጠየቅ

ስለ ውሃ ፈረቃ አንድ ሙሉ ከሰዓት ተከራከርን። ማታ ቤት ገብቼ ባለቤቴን ብጠይቃት ባዶ ጀሪካኖቹን እያየች ውሃው በየትኛው ቀን፣ ስንት ሰዓት እንደመጣ አንድ በአንድ ነገረችኝ። "ምነው ታዲያ ዝም አልሽ?" አልኳት። "ማን ጠየቀኝ?" አለችኝ።

የሚያውቁትን ይዞ መሄድ

በቧንቧ ሥራ ላይ ያረጁ አንድ ወዳጃችን ባለፈው በጋ አረፉ። የሰፈራችን የውሃ መዝጊያ የት እንደተቀበረ የሚያውቁት እሳቸው ነበሩ። ከሞቱ በኋላ መስመሩ ፈነዳና ሠራተኞቹ ሁለት ቦታ ቆፍረው አጡት። እኛ በየቀኑ አብረናቸው ዳማ ስንጫወት አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅናቸውም።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ካሬ ደብተር ይዘን ሰፈር ለሰፈር እንዞራለን። ቦዩን፣ መዝጊያውን፣ የድሮ ቦኖውን እሥላለሁ። ባለፈው ሳምንት አንደኛው ቦኖ ከወይራው በላይ ነበር፣ የለም በታች ነበር ተብሎ ሁለት አዛውንቶች ተኳረፉ። ወይራው ራሱ ከተቆረጠ ቆይቷል። ሁለቱንም ቦታ ምልክት አድርጌ፣ ጎኑ ላይ የጥያቄ ምልክት አስቀመጥኩ።